መረቡን ያላስደፈረው ማነው?

ቅዳሜ ማታ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ጨዋታ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚሰማ ነገር አለ፡፡ ክለቡ 2 ለባዶ እየመራ ያለ ደጋፊ ድሉን በኪሱ ከትቷል፤ አሁን የሚጨነቀው ለሌላ ጉዳይ ነው፡፡ ‹‹ክሊን ሺቱን እንዳያበላሹብኝ!›› ይላል፡፡ በፋንታሲ ቡድኑ ውስጥ ግብ ጠባቂውንና አንድ ተከላካይ የያዘ ከሆነማ ጭንቀቱ እጥፍ ድርብ ነው፡፡ ተጋጣሚው በ90ኛው ደቂቃ አንዲት ጎል ካስቆጠረ ክለቡ 3 ነጥቡን ይዞ ሲወጣ እሱ እንደተሸነፈ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፡፡

ይህቺ ‹‹ክሊን ሺት›› የምትባል ነገር ከየት መጣች? ትርጉሟስ ምንድን ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ የማን ናት? የበረኛው ናት? የተከላካዮቹ? ወይስ የ11ዱም? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፡፡ በዚህች ቃል የተነሳ ሽልማት ይሰጣል፣ ኮንትራት ይፈረማል፣ በረኛ ይወደሳል፣ በረኛ ይባረራል፡፡ የአንድን ልጅ የኳስ ህይወት የምትወስን ቃል ስለሆነች ቀረብ ብሎ ማየቱ አይከፋም፡፡ (በዚህ ጽሁፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ወረቀት፣ በር እና ክብር

ትርጉሙ ቀላል ነው፡፡ አንድ ቡድን ምንም ግብ ሳይቆጠርበት ጨዋታውን ከጨረሰ ክሊን ሺት ይዞ ወጣ ይባላል፡፡ ማሸነፍ ግዴታ አይደለም፡፡ ጨዋታው ባዶ ለባዶ ካለቀ ሁለቱም ቡድኖች ያገኙታል፡፡ ግቧን ተጋጣሚ ያስቆጥራት፣ የራስ ተከላካይ በስህተት ያግባት፣ በፍጹም ቅጣት ምት ትግባ ልዩነት የለውም፤ ወረቀቱ ቆሽሿል፡፡ ጨዋታው በአቻ ውጤት ካለቀ በኋላ የሚመቱት የመለያ ምቶች ግን አይቆጠሩም፡፡ ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን፡፡

‹‹ሺት›› በእንግሊዝኛ የወረቀት ገጽ ነው፡፡ የአልጋ አንሶላም በዚሁ ስም ስለሚጠራ ‹‹ንጹህ አንሶላ›› ብሎ የሚተረጉም ቀልደኛ አይጠፋም፡፡ ስለ አመጣጡ በብዛት የሚሰጠው ማብራሪያ ግን ወደ ወረቀቱ ይወስደናል፡፡ ኮምፒውተርም ሆነ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ባልነበረበት ዘመን ውጤት መዝጋቢዎችና ጋዜጠኞች ሜዳ ዳር ወረቀታቸውን ይዘው ይቀመጡና የገባውን ግብ በእጃቸው ይጽፉ ነበር፡፡ ምንም ያልገባበት ቡድን ገጽ እንደነጣ ይቀራል፡፡ ከኳስ ሜዳ ውጭም ቢሆን ፈረንጆቹ ይህን አባባል ጥፋት ላልተመዘገበበት ሰው ይጠቀሙበታል፡፡ እኛ ‹‹ፋይሉ ንጹህ ነው›› እንደምንለው መሆኑ ነው፡፡

አሜሪካኖቹ ደግሞ ሌላ ቃል አላቸው፡፡ ‹‹ሻትአውት›› ይሉታል፤ በር ዘግቶ ውጭ ማስቀረት እንደማለት ነው፡፡ ቤዝቦልና የበረዶ ሆኪ ላይ የገነነ ቃል ነው፡፡ ከዚያ በፊት ግን አንድ አስቂኝ ቃል ነበራቸው፡፡ በ1870 የኒውዮርኩ ሙችዋልስ የቺካጎውን ኋይት ስቶኪንግስ 9 ለ 0 አሸነፈ፡፡ ከዚያ በኋላ በቤዝቦል ባዶውን የተሸኘ ቡድን ሁሉ ‹‹ቺካጎ ሆነ›› ይባል ጀመር፡፡ አንድ ትልቅ ከተማ በአንድ ቀን ሽንፈት የባዶ መጠሪያ ሆኖ አረፈው!

በቤዝቦል ሻትአውት የሚመዘገበው በኳስ ወርዋሪው ስም ሲሆን ይህም በጥቅሉ ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሱ ብቻውን ከወረወረ ነው፡፡ ዋልተር ጆንሰን የተባለው ተጫዋች በዚህ መንገድ 110 አስመዝግቧል፡፡ በሆኪ ደግሞ በረኛው ማርቲን ብሮዶር በሰሜን አሜሪካው ሊግ መደበኛ ጨዋታዎች 125 አለው፡፡

ወደ አውሮፓ ስንመለስ ጀርመኖች ‹‹ነጭ ሰደርያ›› ይላሉ፤ ቆሻሻ ያልነካው ልብስ ማለታቸው ነው፡፡ ጣሊያኖች ግን ‹‹ያልተደፈረ በር›› ይላሉ፡፡ ይሄኛው ለእኛ ጆሮ አዲስ አይደለም፡፡ እኛም እኮ በሬዲዮውም በጋዜጣውም ‹‹መረቡን ሳያስደፍር ወጣ›› እንላለን፡፡ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ግብ ጠባቂውን ‹‹በረኛ›› ብለን እንጠራዋለን፡፡ እንግሊዝ ወረቀቱን ሲያይ፣ አሜሪካ በሩን ሲያይ፣ እኛ ያየነው ክብርን ነው፡፡ ዳር ድንበር አይደፈርም፣ አጥር አይደፈርም፣ መረብም አይደፈርም፡፡

ቃሉ ያምራል፤ ወኔም አለው፡፡ ግን አንድ ችግር አለበት፡፡ ‹‹መረቡ ተደፈረ›› ማለትና ‹‹መረቡን አስደፈረ›› ማለት አንድ አይደሉም፡፡ የመጀመሪያው የሆነውን ይናገራል፡፡ ሁለተኛው ጥፋተኛ ይፈልጋል፡፡ ጥፋተኛው ደግሞ ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው ነው፤ ጓንት ያጠለቀው፡፡ አማካዩ ኳስ ተነጥቆ፣ የመስመር ተከላካዩ ቦታውን ለቅቆ፣ የመሀል ተከላካዩ አጥቂውን ረስቶ ግቡ ሲቆጠር በማግስቱ የምንለው ‹‹በረኛው አስደፈረ›› ነው፡፡

ጓንቱ የማን ነው?

እንግሊዞቹ ይህንን ቁጥር በበረኛው ስም ማሸለም የጀመሩት በ2004/05 ነው፡፡ የፕሪሚየር ሊጉን የወርቅ ጓንት ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው የቼልሲው ፒተር ቼክ ሲሆን በ24 የሊግ ጨዋታዎች መረቡን አላስደፈረም፡፡ ቼልሲ በዚያ ዓመት በ38 ጨዋታ የተቆጠሩበት ግቦች 15 ብቻ ናቸው፡፡ ቼክ ትልቅ በረኛ መሆኑን የሚጠራጠር የለም፤ በቼልሲና በአርሰናል ቆይታው በሊጉ 202 ክሊን ሺት ይዟል፡፡ ነገር ግን ከፊቱ እነማን ነበሩ? ጆን ቴሪ፣ ሪካርዶ ካርቫልሆ፣ ዊሊያም ጋላስ፣ ከእነሱ ፊት ደግሞ ክሎድ ማኬሌሌ! አሰልጣኙ ጆዜ ሞሪንሆ! ያ 24 ቁጥር የተጻፈው በአንድ ሰው እጅ አይደለም፡፡

የቫንደርሳር ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል፡፡ ኤድዊን ቫንደርሳር በ2008/09 በሊጉ ለ1 ሺህ 311 ደቂቃ ግብ ሳይቆጠርበት ቆየ፡፡ በመሀል የካቲት 2009 ላይ ብላክበርን በማን.ዩናይትድ ላይ ግብ አስቆጠረ፡፡ የዚያን ቀን ግን በሩ ላይ የቆመው ቶማስ ኩሽቻክ ነበር፡፡ የክለቡ ቆጠራ እዚያ ላይ ቆመ፤ የቫንደርሳር ቆጠራ ግን ቀጠለ፣ በመጋቢት የኒውካስሉ ፒተር ሎቨንክራንድስ እስኪያቆመው ድረስ፡፡ አንድ መረብ፣ አንድ የመከላከል ክፍል፣ ሁለት የተለያየ ሂሳብ!

አሁን ደግሞ ወደ ዴቪድ ዴ ሂያ እንምጣ፡፡ በ2022/23 በ17 የሊግ ጨዋታዎች መረቡን ሳያስደፍር የወርቅ ጓንቱን ወሰደ፡፡ በዚያው ዓመት ግን ዩናይትድ በሊጉ 43 ግብ ተቆጥሮበታል፡፡ ማን.ሲቲና ኒውካስል እያንዳንዳቸው የተቆጠረባቸው 33 ነው፡፡ ታዲያ 10 ግብ የበለጠ የገባበት እንዴት ተሸለመ? መልሱ አንፊልድ ላይ አለ፡፡ መጋቢት 2023 ሊቨርፑል ዩናይትድን 7 ለባዶ ቀጣው፡፡ በክሊን ሺት ሂሳብ 7 ለ 0 መሸነፍና 1 ለ 0 መሸነፍ እኩል ናቸው፡፡ ወረቀቱ አንዴ ከቆሸሸ ምን ያህል እንደቆሸሸ አይጠየቅም፡፡ የሚገርመው ነገር ዴ ሂያ ሽልማቱን ባገኘበት በዚያው ክረምት ኮንትራቱ አልቆ ከኦልድትራፎርድ ተሰናበተ፡፡ ክለቡ የፈለገው ሌላ ዓይነት በረኛ ነበር፡፡

ስፔኖች በዚህ በኩል ብልጦች ናቸው፡፡ በታዋቂው በረኛ ሪካርዶ ዛሞራ ስም የሚሰጡት ሽልማት ክሊን ሺት አይቆጥርም፤ በጨዋታ በአማካይ ስንት ግብ ተቆጠረብህ ነው የሚለው፡፡ እዚያ ቤት 7 ከገባብህ 7 ነው፡፡ የአትሌቲኮ ማድሪዱ ያን ኦብላክ በ2015/16 በ38 ጨዋታ 18 ግብ ብቻ ተቆጥሮበት ሲሸለም በ1993/94 የዴፖርቲቮው ሊያኞ ከያዘው ክብረ ወሰን ጋር ነው የተስተካከለው፡፡ እውነት ነው፣ ይሄም ቢሆን የዲዬጎ ሲሞኒን የመከላከል ግንብ ከበረኛው ለይቶ አያሳይም፡፡ ቢያንስ ግን 7ን ከ1 ይለያል፡፡

የሚገርመው ከሁሉም ወደ ፍትህ የቀረበው ብዙዎቻችን እንደ ጨዋታ የምናየው ፋንታሲ ነው፡፡ 60 ደቂቃ ተጫውቶ ግብ ያልተቆጠረበት ቡድን በረኛ 4 ነጥብ ያገኛል፡፡ ተከላካዩም እኩል 4 ያገኛል፡፡ አማካዩ ሳይቀር 1 ይደርሰዋል፡፡ አጥቂው ብቻ ነው ባዶውን የሚቀረው፡፡ ፋንታሲ የሚለን ነገር ግልጽ ነው፤ መረብ የሚጠበቀው በጋራ ነው፡፡

ሳይደፈሩ የወደቁ

ክሊን ሺት መያዝ ማለት ማሸነፍ ማለት ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የ2006ቱን የጀርመን የአለም ዋንጫ ያስታውስ፡፡ ስዊዘርላንድ ከፈረንሳይ 0 ለ 0 ወጣች፡፡ ቶጎንና ደቡብ ኮሪያን በተመሳሳይ 2 ለ 0 አሸነፈች፡፡ በጥሎ ማለፉ ከዩክሬን ጋር ጭማሪ ሰዓቱ ሳይቀር 0 ለ 0 አለቀ፡፡ በረኛው ፓስካል ዙበርቡለር በ4 ጨዋታ አንድም ግብ አልተቆጠረበትም፡፡ በመለያ ምቱ የአንድሬ ሼቭቼንኮን ኳስ ሁሉ አድኗል፡፡ የስዊዝ መቺዎች ግን ሶስቱም ሳቱ፤ 3 ለ 0 ተሸንፈው ወደ ሀገራቸው ገቡ፡፡ አንድም ግብ ሳይቆጠርበት ከአለም ዋንጫ የተሰናበተ የመጀመሪያው ቡድን ሆኑ፡፡ ዙበርቡለር ንጹህ ወረቀቱን ይዞ አውሮፕላን ተሳፈረ ማለት ነው፡፡

የእኛዋ አፍሪካም ተመሳሳይ ታሪክ አላት፡፡ ኮትዲቯር በ1992 ሴኔጋል ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ምንም ግብ ሳይቆጠርባት ፍጻሜ ደረሰች፡፡ ከጋና ጋር 0 ለ 0 ተለያይታ በመለያ ምት 11 ለ 10 አሸንፋ ዋንጫውን አነሳች፡፡ በ2002 ካሜሩን እንዲሁ መረቧን ሳታስደፍር ፍጻሜ ደርሳ ሴኔጋልን በመለያ ምት 3 ለ 2 ረታች፡፡ በ2012 ደግሞ ዝሆኖቹ ተመለሱ፡፡ በረኛቸው ቡባካር ባሪና ጓደኞቹ በ6 ጨዋታ አንድም ግብ ሳይቆጠርባቸው ሊብረቪል ላይ ከዛምቢያ ጋር 0 ለ 0 አለቁ፡፡ ከዚያስ? በመለያ ምት 8 ለ 7 ተሸነፉ፡፡ ለሽንፈቱ መንስኤ ፍለጋ ወደ ኋላ ማየት አያስፈልግም፤ በመደበኛው ሰዓት የተገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት ዲዲየር ድሮግባ ወደ ሰማይ ልኮት ነበር፡፡

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይህቺ ናት፡፡ ሶስት ቡድኖች በ10 ዓመት ልዩነት መረባቸውን ሳያስደፍሩ ፍጻሜ ጨርሰው ሁለቱ ነግሰዋል፣ አንዱ አልቅሷል፡፡ ልዩነቱን የፈጠረው ወረቀቱ ላይ የማይመዘገበው የመለያ ምት ነው፡፡ ወረቀት ሁለት ገጽ አለው፡፡ የኋላው ገጽ ንጹህ ሆኖ የፊቱም ባዶ ከሆነ ዋንጫ ዋስትና የለውም፡፡

በ2024/25 በእንግሊዝ የሆነውም ይኸው ነው፡፡ የአርሰናሉ ዴቪድ ራያና የኖቲንግሃም ፎረስቱ ማትስ ሴልስ በእኩል 13 ክሊን ሺት ጓንቱን ተካፈሉ፡፡ መድፈኞቹ በሊጉ ጥቂት ግብ የተቆጠረበት ቡድን ነበሩ፤ 34፡፡ ዋንጫውን ያነሳው ግን 41 ግብ የተቆጠረበት ሊቨርፑል ነው፡፡ ቀያዮቹ 86 አግብተው ነበራ!

የእኛስ ወረቀት?

ዋልያዎቹ ጋር ስንመጣ ታሪኩ ይገለበጣል፡፡ ኢትዮጵያ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫዋን ስታነሳ አንድም ክሊን ሺት አልነበራትም፡፡ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ በፍጻሜው ደግሞ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ነው ያሸነፈችው፡፡ መረባችን 4 ጊዜ ተደፍሯል፤ እነ ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግስቱ ወርቁ ግን 8 መለሱ፡፡ ስዊዞቹ ንጹህ ወረቀት ይዘው ሲመለሱ እኛ በቆሸሸ ወረቀት ዋንጫ በላን፡፡

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፡፡ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት በ2013ቱ የደቡብ አፍሪካ ውድድር ከዛምቢያ 1 ለ 1፣ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0፡፡ በካሜሩኑ (ጥር 2022) በኬፕቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1፣ ከቡርኪናፋሶ 1 ለ 1፡፡ በ6 ጨዋታ 13 ግብ ተቆጠረብን፣ 3 አገባን፣ ክሊን ሺት ዜሮ፡፡ በአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ጊዜ መረባችን ሳይደፈር የወጣነው በ1982 ሊቢያ ላይ ከአልጄሪያ 0 ለ 0 ስንለያይ ነው፡፡ ያቺ አልጄሪያ በዚያው ዓመት በአለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈችው ናት፡፡

እነዚህን 13 ግቦች ‹‹በረኞቻችን አስደፈሩ›› ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፡፡ ግን አንድ በአንድ እንያቸው፡፡ በዛምቢያው ጨዋታ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ ከባዱን ጊዜ በ10 ሰው ነው የተጫወትነው፡፡ በኬፕቨርዴው ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ በቀይ ወጣ፡፡ በናይጄሪያው እስከ 80ኛው ደቂቃ አካባቢ ወረቀታችን ንጹህ ነበር፤ ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አገባ፡፡ ፍጹም ቅጣት ምት ደግሞ ሜዳ ውስጥ በሆነ ስህተት የሚመጣ እንጂ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፡፡

ቡርኪናፋሶ በ2013 ያደረገችብን ደግሞ ለዚህ ጽሁፍ ጥያቄ ራሱን የቻለ መልስ ነው፡፡ በሁለተኛው አጋማሽ በረኛቸው አብዱላዬ ሱላማ ከክልሉ ውጭ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ካርድ ወጣ፡፡ ዳውዳ ዲያኪቴ ተቀይሮ ገባ፡፡ እኛ 11፣ እነሱ 10፡፡ ሆኖም ሶስት ተጨማሪ ግብ ያገባብን የጎደለው ቡድን ነው፤ መረቡም አልተደፈረም፡፡ እንግዲህ ያ ክሊን ሺት የማን ነው? የሱላማ ነው? የዲያኪቴ ነው? የማንም በረኛ አይደለም፤ የቡድኑ ነው፡፡

ሂሳቡን እናስተካክል

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ ቢባል ነገሩ ሀገር ቤት ላይ ስለሚያርፍ ነው፡፡ የሊጋችን ክለቦች ለዓመታት በሩን ለውጭ ሰዎች ሲሰጡ አይተናል፡፡ ቅዱስ ጊዮርጊስ በኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ፣ ኋላም በኬንያዊው ፓትሪክ ማታሲ ተጠብቋል፡፡ ጅማ አባ ጅፋር በ2018 ዋንጫ ሲበላ በሩ ላይ የነበረው ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ነው፡፡ ሰዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ለሊጉም የጨመሩት ነገር አለ፡፡ ነገር ግን አንድ የሀገር ልጅ ሁለት ጨዋታ ላይ ‹‹አስደፈረ›› ተብሎ ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ ከፊቱ የነበረው የተከላካይ መስመር ማን እንደነበር የሚጠይቅ ከሌለ ያ ልጅ መቼ ይበስላል? አጥቂ አምስት ጨዋታ ሳያገባ ‹‹ዕድል ከድቶት ነው›› እንላለን፡፡ በረኛ ላይ ሲሆን ትዕግስታችን ከ90 ደቂቃ አያልፍም፡፡

መፍትሄው ቃሉን መጣል አይደለም፡፡ ‹‹መረቡን አላስደፈረም›› ከማንኛውም ክሊን ሺት በላይ የሚያምር የራሳችን ቃል ነው፡፡ የሚሻለው ከቃሉ አጠገብ ሌሎች ቁጥሮችን ማስቀመጥ ነው፡፡ በረኛው ላይ ስንት ኳስ ተሞከረ? ስንቱን አዳነ? ከገቡት ውስጥ ስንቱ በራሱ ስህተት፣ ስንቱ በተከላካይ ስህተት ነው? ይህንን ለመመዝገብ ውድ መሳሪያ አያስፈልግም፤ ሜዳ ዳር አንድ ሰው፣ አንድ እስክርቢቶና አንድ ወረቀት ይበቃል፡፡ አሰልጣኝ በረኛ ከመቀየሩ በፊት፣ ቦርድ ውጭ ሀገር ከመደወሉ በፊት ያንን ወረቀት ቢያነብ ብዙ ነገር ይገለጥለታል፡፡

ደጋፊውም ቢሆን ድርሻ አለው፡፡ በሚቀጥለው ጊዜ ቡድናችን 1 ለባዶ አሸንፎ ሲወጣ የበረኛውን ስም ብቻ ሳይሆን ኳሷን ከመስመር ላይ ያወጣውን ተከላካይ፣ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ እየሮጠ የተከላከለውን አማካይ ጭምር ስም እንጥራ፡፡ ግብ ሲቆጠርብንም እንደዚያው፡፡ ያላስደፈሩት 11 ከሆኑ ያስደፈሩትም 11 ናቸው፡፡